ተከላካይ ከተራፊ አይመረጥም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልን። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የእግር ኳስ ቡድናቸውን የሚመለምሉበት ወቅት ደርሷል። በየዓመቱ የሚደጋገም አንድ ስሕተት ዘንድሮ እንዲታረም ስለፈለግን ይህን ደብዳቤ ጽፈናል። ጉዳዩ የተከላካይ ምልመላ ነው።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ በተባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪው ታኬታውን ይዞ ሜዳ ይወጣል፤ አሠልጣኙ «ምን ቦታ ትጫወታለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው «አጥቂ» ወይም «አማካይ» ይላል። ከዚያ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ተከፍለው ሃያ ሃያ ደቂቃ ይጫወታሉ። ጎል ያገባ፣ አብዶ የሠራ፣ ረጅም ኳስ አሳምሮ ያቀበለ ይመዘገባል። ከቀሩት መካከል ረጅሙ የመሀል ተከላካይ፣ ፈጣኑ የመስመር ተከላካይ ተብሎ ቦታው ይሞላል። ውድድር ላይ ጎል ሲቆጠርበት ደግሞ ወቀሳው ግብ ጠባቂው ላይ ይወርዳል።

በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ተከላካይ ማግኘት አይቻልም። ጥሩ ተከላካይ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ኳስ አምስት ጊዜ እንኳ ላይነካ ይችላል። ትክክለኛ ቦታ ላይ ስለቆመ አማካዩ ኳሱን ወደዚያ ማቀበሉን ይተወዋል፤ አጥቂውም ሩጫውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይቀይራል። ይህን የሚያየው ዓይኑን ከኳስ ላይ ያነሣ መልማይ ብቻ ነው። በተቃራኒው ሦስት ጊዜ ሸርተቴ ገብቶ ኳስ ያስጣለ ልጅ ተመልካቹን ያስጨበጭባል፤ ሸርተቴ የሚያስገባው ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ቦታ መሳቱ ነው። በጠጠር ሜዳ ላይ ሸርተቴ እንዲገባ መጠየቅም የልጁን ጉልበትና ጭን ከመላጥ ውጪ የሚያሳየው ነገር የለም።

ልጆቻችን የት እንደሚያድጉም ማየት ያስፈልጋል። በክረምት የሰፈር ውድድር፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢና በየሰፈሩ ክፍት ቦታ የሚጫወቱት በአመዛኙ በድንጋይ ወይም በትንሽ ጎል ነው። በትንሽ ጎል ጨዋታ ኦፍሳይድ የለም፤ ከመስመር የሚሻማ ኳስ የለም፤ ቴስታም የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልጁ አንድ ለአንድ ሲገጥም ደፋር፣ በጠባብ ቦታ ቀልጣፋ ሆኖ ይመጣል። ከኋላው 30 ሜትር ባዶ ሜዳ ሲኖር፣ 7 ሜትር ከ32 ስፋትና 2 ሜትር ከ44 ከፍታ ያለው ጎል ሲጠበቅ፣ ከማዕዘን ኳስ ሲሻማ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አላሳየውም። መልማዩ መፈተን ያለበት ልጁ ያልተማረውን ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀበል ነው። ለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ አይበቃም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተበተኑ ሦስት ቀናት ያስፈልጋሉ።

ኮሌጅ እንደ ክለብ ገበያ ወጥቶ ተጫዋች አያስፈርምም። ተማሪውን የሚያመጣው ምደባ ነው። ከመጀመሪያ ዓመት በኋላ ዲፓርትመንት ሲመደብ ደግሞ ደሴ የነበረ ልጅ ቴክኖሎጂ ደርሶት ወደ ኮምቦልቻ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ስምና ቦታ ብቻ አይበቃም። የትኛው እግሩ ይበልጣል፣ ስንተኛ ዓመት ነው፣ የላብራቶሪና የተግባር ትምህርት ቀኖቹ የትኞቹ ናቸው፣ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ጉልበቱ ከዚህ በፊት ተጎድቶ ያውቃል ወይ፣ ከየትኛው አካባቢ መጣ የሚሉት ይጠየቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ለደሴ የተለየ ፋይዳ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከቆላ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። በመጣ በአምስተኛው ቀን አሯሩጦ «አቅም የለውም» ማለት ልጁን ያለ ጥፋቱ መጣል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ለእግርና ለወገብ ይሁን። ብዙ ቦታ 30 ሜትር ወደፊት ያስሮጡና ሰዓት ይይዛሉ። ተከላካይ ግን የጨዋታውን ከባድ ክፍል የሚሮጠው ወደኋላና ወደጎን ነው። 10 ሜትር ወደኋላ እየሮጠ፣ አሠልጣኙ እጁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲያሳየው ዞሮ 15 ሜትር ኳስ ይከተል፤ በየጎኑ ሦስት ሦስት ጊዜ። በእጅ የሚያዝ ሰዓት የሰከንድ ሁለት አሥረኛ ያህል ሊስት ስለሚችል በጥቃቅን ልዩነት ደረጃ ማውጣት አይገባም። ከሰዓቱ ይልቅ በስልክ ካሜራ በዝግታ የተቀረጸ ምስል ይሻላል። ሲዞር እግሩ ይጠላለፋል? ተረከዙ ላይ ይቆማል? ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ ይዞራል ወይስ ዳሌውን ከፍቶ ኳሱን እያየ? ወደ ቀኝ ሲዞር ቀልጣፋ ሆኖ ወደ ግራ የሚንቀራፈፍ ልጅ ብዙ ነው። ያ ልጅ መሀል ላይ ቢቆም አጥቂው ቶሎ ይነቃበታል፤ መስመሩ በአንድ ጎን በሚጠብቀው ቦታ ላይ ግን ጥሩ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ቀን አንድ ለአንድ ይፈተን። 20 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ በኮን ይከለል። ተከላካዩ ራሱ ኳሱን ለአጥቂው አቀብሎ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሜትሮች በፍጥነት መዝጋት፣ ከዚያ እርምጃ ማሳጠር፣ አጥቂው ፊት ሁለት ሜትር ሲቀር መቆም አለበት። ሁለቱ እግሮቹ ጎን ለጎን ትይዩ ከሆኑ ኳሷ በመሀል ታልፋለች፤ አንዱ እግር ቀድሞ፣ ሰውነቱ ገደድ ብሎ፣ አጥቂውን ወደ ዳር መስመር የሚገፋ መሆን አለበት። ነጥብ አሰጣጡ ቀላል ነው፦ ኳስ ከነጠቀ ሁለት፤ አራት ሰከንድ ካዘገየ፣ ወደኋላ ካስመለሰ ወይም ወደ ውጪ ካስወጣ አንድ፤ ከታለፈ ዜሮ። ስድስት ጊዜ፣ ሦስቱ ከግራ ሦስቱ ከቀኝ፣ በየመሀሉ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ዕረፍት። ዕረፍቱ ከተዘለለ የሚለካው ድካም ነው። እዚህ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት መቸኮል ነው። ልጁ ማዘግየት ነጥብ እንደሚያስገኝ ካልተነገረው ሁልጊዜ ለመንጠቅ ይገባል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይነገረው። ተነግሮትም በአራተኛውና በአምስተኛው ሙከራ ካላስተካከለ ያ ራሱ መረጃ ነው።

ሁለተኛው ቀን የቴስታና አራቱ ተከላካዮች ጎን ለጎን የሚሠሩት መስመር ነው። ለቴስታ አሥር ኳስ ይበቃል፤ አምስቱ ወደፊት ወጥቶ የሚመታቸው፣ አምስቱ ወደኋላ እየሄደ የሚመታቸው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከረጅም ርቀት የሚመጣ ኃይለኛ ኳስ በልምምድ ሳምንት ከአሥር በላይ በቴስታ እንዳይመታ መክሯል። በምልመላ ስም ለአንድ ልጅ ሠላሳና አርባ ኳስ መልቀቅ በጤናው መቀለድ ነው። የሚታየው የቁመቱ ርዝማኔ ሳይሆን የሚዘልበት ቅጽበት ነው። ኳሱ ከመውረዱ በፊት ዘሎ የሚወርድ ረጅም ልጅ፣ ጊዜውን ጠብቆ ከሚዘል መካከለኛ ቁመት ካለው ልጅ ያንሳል። ሲያርፍም ይታይ፤ በአንድ እግሩ አርፎ ጉልበቱ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ልጅ ከመመረጡ በፊት የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል።

የደሴና የኮምቦልቻ ልዩነት እዚህ ላይም ይታያል። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ላይ ናት። ደሴ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የተለጋ ኳስ ብዙ አይያዝም፤ ርቆ ይሄዳል፤ የተጠማዘዘውም እንደታሰበው አይታጠፍም። ኮምቦልቻ የለመደ ተከላካይ ደሴ ሲመጣ ኳሱ በራሱ ላይ ያልፈዋል፤ ደሴ የለመደው ኮምቦልቻ ሲወርድ ቀድሞ ወደኋላ ሸሽቶ ኳሱ ከፊቱ ይወድቃል። አንድ ልጅ በሁለቱም ሜዳ ሳይታይ «ረጅም ኳስ አያነብም» መባል የለበትም። የመጀመሪያው ዙር በየግቢው ሆኖ ሁለተኛው ቀን ሁሉም ኮምቦልቻ፣ ሦስተኛው ቀን ሁሉም ደሴ ቢገናኙ ሁለቱም ጥያቄ ይመለሳል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎ ጠመዝማዛና ጉሙ ስላለ ግን መመለሻው ሳይመሽ ታስቦ ፕሮግራሙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመር።

ለመስመር ሥራ የሚያስፈልገው ገመድ ብቻ ነው። ስምንት ስምንት ሜትር የሆኑ ሦስት ገመዶች ተቆርጠው አራት ተከላካዮች ጫፍና ጫፉን ይያዙ። ኳሱ ከግራ ወደ ቀኝ ሲንቀሳቀስ አራቱ አብረው ይንሸራተታሉ፤ ገመዱ ከተወጠረ ተራርቀዋል፣ መሬት ከነካ ተጠጋግተዋል። አሥራ አምስት ደቂቃ በእርምጃ ብቻ ይሠራና ገመዱ ይጣላል፤ ያኔ ማን ክፍተቱን እንደያዘና ማን ኳሱን እንደተከተለ ወዲያው ይለያል። ቀጥሎ አንድ ሕግ ይሰጣቸው፦ ኳስ የያዘው ተጋጣሚ ጫና ካለበት ወይም ወደኋላ ካቀበለ መስመሩ ወደፊት ይወጣል፤ ጫና ሳይኖርበት አንገቱን ቀና ካደረገ መስመሩ ወደኋላ ይወርዳል። ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነው። በጣም የተለመደው ጥፋት እጅ አንሥቶ ኦፍሳይድ እያሉ መቆም ነው፤ የመስመር ዳኛ በሌለበት ሙከራ ደግሞ ይህ ጥፋት አይጋለጥም። ስለዚህ በሁለቱም መስመር ባንዲራ የያዘ ሰው መኖር አለበት፤ ሕጉን የሚያውቅ ተማሪም ይበቃል።

ሌላው በዚሁ ቀን የሚታየው አንደበት ነው። ተማሪው ከየክልሉ ስለሚመጣ ሁሉም የለመደው አጠራር አንድ አይደለም። አምስት ቃል ተመርጦ ለሁሉም ይነገር፦ «የኔ»፣ «ሰው»፣ «ጊዜ አለ»፣ «ውጣ»፣ «ውረድ»። ዝምተኛ ልጅ በዚህ ብቻ አይጣል፤ ቃሉ ተሰጥቶት እንኳ ጓደኛው ከኋላው ሰው ሲገባበት እያየ የማይጣራ ልጅ ግን መሀል ላይ አይቆምም።

ሦስተኛው ቀን ጨዋታ ነው፤ ሁለት ጊዜ 25 ደቂቃ። እያንዳንዱ እጩ ከሁለት የተለያዩ ጓደኞች ጋር ይጣመር። በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች የእጩዎቹ ቡድን አንድ ሰው ጎድሎበት ይጫወት። የሚበልጠው ነገር ግን ከሜዳው ውጪ ያለው ሰው ነው። አንድ መልማይ ኳሱን ጨርሶ ሳያይ አንዱን ተከላካይ ብቻ አምስት ደቂቃ ይከታተል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፍ። ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይመዝግብ፦ ኳሱ ሌላ ጎን ሳለ ትከሻውን ዞር ብሎ ስንት ጊዜ ከኋላው ያለውን አየ፣ ስንት ጊዜ ተጣራ፣ ከጓደኛው ምን ያህል ራቀ፣ ከተሳሳተ በኋላ በቀጣዩ አሥር ሰከንድ ምን አደረገ። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ይናገራል። ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ወገቡን ይዞ የሚቆም፣ ዳኛ የሚጠይቅ፣ ጓደኛውን የሚቆጣ አለ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጎሉ የሚሮጥም አለ።

ውሳኔ የሚባለውን ነገር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድናችን ከኬፕ ቨርዴ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የመጨረሻው ተከላካይ ወደ ጎል የሚሄድ አጥቂ ላይ በሠራው ጥፋት በቀይ ካርድ ወጣ። ጎሉ የተቆጠረው የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ሲል ከተሻማ ኳስ በቴስታ ነው፤ ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። ሁለቱም ነገሮች በምልመላ ቀን ሊፈተኑ የሚችሉ ናቸው፦ የመጨረሻ ሰው ሆኖ ሳለ ማዘግየት፣ ኳስ ሲሻማ ሰውንም ኳስንም ማየት። ሕጉም በትክክል ይነገራቸው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቅጣት ክልል ውስጥ ኳስ ለመጫወት ሞክሮ ግልጽ የጎል ዕድል በጥፋት ያበላሸ ተከላካይ ፍጹም ቅጣት ምቱ ከተሰጠ ቢጫ ነው የሚያየው፤ መጎተት፣ መግፋት ወይም ኳስ የማግኘት ዕድል ሳይኖር መምታት ግን አሁንም ቀይ ነው። ከክልሉ ውጪ ከሆነ ያ ማቅለያ የለም።

ተከላካይ ነኝ ብሎ የሚመጣ ጥቂት ስለሆነ ከሌላ ቦታ መውሰድ ግድ ነው። ከኋላ የሚቆም አማካይ ጨዋታ ያነባል፤ ወደኋላ ዞሮ መሮጥ ግን ይቸግረዋል። ረጅም አጥቂ ቴስታ ይችላል፤ ችግሩ ኳሱን ወደ ታች መምታት ለምዷል፤ ተከላካይ ሲሆን ከፍ፣ ሩቅ፣ ወደ ዳር እንዲመታ እንደ አዲስ ይማራል። መረብ ኳስ የሚጫወት ተማሪ የሚዘልበትን ቅጽበት ያውቃል፤ እጁን ወደ ላይ ማንሣት ስለለመደ ግን ፍጹም ቅጣት ምት እንዳያመጣ ከመጀመሪያው ቀን እጁ ላይ ይሠራበት። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግራኝ ነው። ቀኝ እግረኛ በግራ መስመር ሲቆም ኳስ ሲደርሰው ወደ ውስጥ፣ ሰው ወደሚበዛበት ይዞራል፤ ከዚያ የሚነጠቅ ኳስ ጎል ይሆናል። ስለዚህ በግራ ክንፍ አጥቂ ሆኖ የመጣ ግራኝ ሁሉ እንደ ግራ ተከላካይም ይታይ። ሲቀየር የሚሠራው የታወቀ ስሕተት ኳሱ በቀኝ በኩል ሳለ የሩቁን ቋሚ መርሳቱ ነው፤ ይህን ለማረም አንድ ሴሚስተር ሊወስድ ስለሚችል ቀያሪው አሠልጣኝ ይታገሥ።

በቁጥር ደረጃ 22 ተጫዋች ለሚይዝ ቡድን ስምንት ተከላካይ ይያዝ፤ አራት የመሀል፣ ሁለት የቀኝ፣ ሁለት የግራ። ቢያንስ ግማሾቹ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይሁኑ፤ አራቱም የመሀል ተከላካዮች ተመራቂ ከሆኑ በቀጣዩ ዓመት ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ሁለት ግቢ ያለው ቡድን ደግሞ አንድ ነገር ቢቀበለን እንወዳለን፦ የመሀል ጥንዶቹ ከአንድ ግቢ ይመረጡ። ክንፍ ተጫዋች በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝቶ ሊግባባ ይችላል። ሁለት የመሀል ተከላካዮች ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው መሸፈኑን ሳይነጋገሩ የሚያውቁት በየቀኑ አብረው ሲሠሩ ነው። ደሴ ያለው አንደኛው ምርጥ፣ ኮምቦልቻ ያለው ሌላው ምርጥ ተብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሲገናኙ በመሀላቸው በር ይከፈታል። በግል ነጥብ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡ ነገር ግን አብረው የሚኖሩ ልጆች ይሻላሉ። ለዚህ ነው ወረቀቱ ላይ የጥንድ ነጥብም መኖር ያለበት።

የወሎ አሠልጣኝ የሚያውቀው ቢሆንም ይጻፍ፦ ረመዳንና ዐቢይ ጾም የሩጫ ፈተና ጊዜ አይደሉም፤ ዓርብ ቀትር ላይም ሙከራ አይጠራ። ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ከሆነ የመዞር ፈተናው ይተላለፍ፤ የገመዱ ሥራ ግን ጂም ወይም አዳራሽ ውስጥ ይሠራል። የሴቶች ቡድንም ፈተናው አንድ ነው፤ ቀኑና ኳሱ ተነጥቆ ለወንዶቹ እንዳይሰጥ ብቻ ይጠበቅ።

የሚያስፈልገው ዕቃ አሥር ኳስ፣ ሃያ ኮን፣ 24 ሜትር ገመድ፣ 50 ሜትር መለኪያ፣ የሁለት ቀለም መለያ፣ ሁለት ባንዲራ፣ ፊሽካና ሁለት ስልክ ነው። የኮሌጆቹ ስፖርት ክፍሎች ለሁለት የመኪና ምልልስና ለውኃ የሚሆን በጀት ቢይዙ ቀሪው በእጃቸው ያለ ነው። ያልተመረጠ ተማሪም ውጤቱ በቦርድ ላይ በስም ዝርዝር ብቻ አይነገረው፤ ወረቀቱ ይሰጠው፣ በየትኛው ፈተና ስንት እንዳገኘ ይየው፤ በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይም እነዚያኑ ፈተናዎች ደግሞ የሚወስድበት ቀን ከወዲሁ ተቆርጦ ይነገረው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮሌጅ እግር ኳስ አሠልጣኞች
ከደሴና ከኮምቦልቻ